የረጅም ሰው ሞተር

ያ በጋ የአዲስ አስፋልት ሽታ ነበረው፤ ሰው ሁሉ ያለ ጉዳይ መንገድ ይወጣ ነበር። ከጋራዡ በር የማይጠፉት የሜካኒኩ እናት አንዲት አዋላጅ ሞተር እየገፋች ስትመጣ ያዩት ያኔ ነው። አጭር ሴት ናት፤ የለበሰችው የወንድ ጃኬት እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። የምትገፋው አስፋልት ለሌለው ለፒስታ መንገድ የተሠራ ርካሽ ሞተር ቁመቱ በቅሎ ያክላል። እግሯ መሬት ስለማይደርስ ሁለቴ ወድቃለች፤ ልጆቿም «ሦስተኛ ከወደቅሽ እንሸጠዋለን» ብለዋታል።

«ይህን ግመል ማን ገዛልሽ ልጄ?»

«የገዛው ሰው ረጅም ነበር፣ እማማ» አለች የጃኬቱን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰበች።

ሜካኒኩ የሞተሩን ቁመት ለመቀነስ ትልልቆቹን ጎማዎች ፈትቶ አነስ ያሉ የአስፋልት ጎማዎችን ከነብረት ቸርኬያቸው ገጠመ። በጎን መቆሚያው ሊያቆመው ሲል ሞተሩ በወዲያኛው ጎኑ ዘፍ አለ። ቁመቱ ሲያጥር መቆሚያው ረዝሞበት ኖሯል።

«አይ አንተ! ሽማግሌውን አሳጥረህ ከዘራውን ረሳኸው!» አሉ እናቱ።

መቆሚያው ተቆርጦ በአጭሩ ተበየደ። ሴትዮዋ ወጣችበት፤ ሁለቱም እግሮቿ መሬት ረገጡ።

«ደረስኩ! እማማ፣ ይዩኝ፣ ደረስኩ!» እያለች አስፋልቱን በጫማዋ ደበደበችው። እናትየው መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።

ነድታ ስትሄድ እናትየው ከጋራዡ በር ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት በመንገዱ ላይ ካለው ድልድይ ማዶ፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ ነው፤ ቀይ በርቶ፣ ሁለቱንም እግሮቿን መሬት ተክላ ቆማ ነበር።