ለምርቃት የቀዳሁት ዘፈን

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ልጠይቅ ከአዳማ ወደ አርሲ ነገሌ እሄድ ነበር። ሚኒባሱ መቂ ላይ ሲቆም ተሳፋሪው በየመስኮቱ እጁን ዘርግቶ ቲማቲምና ሽንኩርት መግዛት ያዘ። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ፌስታል ሙሉ ቲማቲም ገዝታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና የፈረጠ እንዳለ እያገላበጠች ታይ ጀመር። እጇ ሥራ ላይ ሳለ አፏ ያንጎራጉራል።

ከመቂ መንገድ ዳር ቅርጫቷን አኑራ፣
ታያለች ሲመጣ፣ ታያለች አቧራ።

ሾፌሩ ልጠይቅህ፣ ከሩቅ የመጣኸው፣
የኔን ሰው በመንገድ የት ላይ ነው ያየኸው?

ከዚያ በአፏ «ድን» አለችና ዝም አለች።

ዘፈኑን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ያስደነገጠኝ ግን ዘፈኑ ሳይሆን «ድን» የምትለዋ ናት። ያቺ ድምፅ የዘፈኑ መጨረሻ አይደለችም። አንድ የድሮ ካሴት ሲያልቅ ክራሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተመታባት ናት፤ ካሴቱ እዚያ ላይ እንዲያልቅ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አዳማን ሁላችንም ናዝሬት በምንልበት ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ከተማው ውስጥ ለሜሳ የሚባል ዘፋኝ ነበር። ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ሆቴል ከባንዱ ጋር ይጫወታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሊጨፍር እዚያ ይጎርፋል። ለሜሳ ጸጉሩን አጎፍሮ፣ ሸሚዙን እስከ ሆዱ ከፍቶ ሲጮህና ሊድ ጊታሩ አብሮት ሲያለቅስ ድምፁ አጥር ተሻግሮ እኛ ሰፈር ይደርሳል። «ሮክ ማለት ይሄ ነው» ይሉ ነበር፣ አዲስ አበባ ደርሰው የተመለሱት። እኔ ሆቴሉ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም። አባቴ ባይከለክለኝም ዓይን አፋርነቴ ይከለክለኛል። ልብስ የማሰጣ መስዬ ጓሮ ቆሜ ነበር የምሰማው። ማስጫ ገመዱ ላይ አንዲት ሻሽ አሥር ጊዜ ስትገላበጥ ያየች እናቴ፣ «ይህች ሻሽ ዛሬ ካልደረቀች መቼም አትደርቅ» ትለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ስመለስ የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ከድር ሙዚቃ ቤቱ ውስጥ ሥራ ሰጠኝ። ጽሕፈቴ ያማረ ስለሆነ የዘፈኖቹን ስም ካሴቱ ሽፋን ላይ እንድጽፍለት ነው። ውሎ ሲያድር መቅዳቱንም ለእኔ ተወው። ያን ጊዜ ሰው የታተመ ካሴት ከመግዛት ይልቅ የሚወዳቸውን ዘፈኖች መርጦ ያስቀዳ ነበር። ቤቱ ጠባብ ሲሆን ሁለት የካሴት መቅጃ ዴክ፣ ጣሪያ የነካ መደርደሪያ፣ እና ከጎረቤት ዳቦ ቤት የሚመጣ የትኩስ ዳቦ ሽታ ነበረው። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ስለሚጮህ አንዱን ካሴት ከሌላው የምለየው ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ነበር።

መደርደሪያው ታች አቧራ የጠጣ አንድ ካሴት አገኘሁ። ላዩ ላይ «ለሜሳ - የቤት» ብቻ ይላል። ባንዱ የለበትም። ለሜሳ በዚያው በሙዚቃ ቤቱ ጓዳ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸንክሮ፣ ቦክስ ጊታሩን ይዞ፣ ክራር ከሚመታ ጎረቤቱ ጋር ብቻ የቀዳው ነው። ስሰማው ማመን አቃተኝ። ያ ሆቴል ውስጥ የሚጮኸው ሰው እዚህ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ የሚያወራ ይመስላል። አንዱ ዘፈን የናዝሬት ነፋስ የስንቱን ባርኔጣ ይዞ እንደሄደ ይተርካል። ሌላው ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ሆኖ እሹሩሩ ነው። አንዱ ላይ ብርድ ልብሱ አልከለከለም፤ የጋሪ ቃጭል ከውጭ ይገባና ከክራሩ ጋር ለጥቂት ጊዜ አብሮ ይሄዳል፣ ከዚያ ጋሪው ያልፋል። ያቺን ቃጭል ለመስማት ስንቴ ወደ ኋላ እንደመለስኩት አላስታውስም። ሰው የሚወደው የሆቴሉን ለሜሳ ነበር፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሲጮህ ድምፁ ውስጥ የሚያልፈኝ አንድ ነገር እንደነበረ ያወቅሁት ይሄን ስሰማ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ለሜሳ ራሱ መጣ። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ነበርኩ፤ እዚያው ቀረሁ።

«ጋሽ ከድር፣ የቤቷን ካሴት የጠየቀ አለ?»

«ማን ይጠይቃታል? ልጆቹ ሊድ ጊታር የለበትም ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አንተን ሲያዩ ይሸሻሉ።»

«ትንሽ ትቆይ እንጂ።»

«ስማኝ ለሜሳ፣ ባዶ ካሴት ከየት ላምጣ? ለእንቁጣጣሽ አዲስ ዘፈን ሲመጣ የምቀዳው በሷ ላይ ነው። እስከዚያ የሚፈልጋት ከተገኘ ተገኘ።»

ለሜሳ አልተከራከረም። በሩ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ እየጠረገ፣ ከመግባት ይልቅ ለመውጣት የሚጠርግ ይመስል፣ «እኔ እንኳ ሁለተኛ ልቀዳ አስቤ ነበር» አለ። «ከሌለ ይቅር። እናቴ ወለንጪቲ ናት፤ ሆቴል አትገባም። ልጅሽ ይዘፍናል ሲሏት የምትሰማው አንድ ነገር ይኑራት ብዬ ነው።»

ሲወጣ ከመደርደሪያው ኋላ ወጥቼ «እኔ እፈልጋታለሁ» ማለት ነበረብኝ። አልወጣሁም። እኔ ብገዛትም አንድ ሰው ነኝ፤ ጋሽ ከድር የሚጠብቀው ብዙ ሰው ነው።

ጋሽ ከድር አንድ ደንብ ነበረው። የተመረጡት ዘፈኖች አልቀው የካሴቱ ጭራ ላይ ትንሽ ከተረፈ ባዶውን መስጠት ነውር ነው፤ ለምርቃት አንድ ነገር ይቀዳበታል። ሽንኩርት ሻጯ መዝና ከጨረሰች በኋላ አንዲት ራስ እንደምትጨምረው ማለት ነው። ምን እንደሚቀዳ የሚመርጠው ቀጂው ነው። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ምርቃቱን ሁሉ ከለሜሳ የቤት ካሴት አደረግሁት። ለተማሪው፣ ለነርሷ፣ ለሙሽራው ሚዜ፣ በየካሴቱ ጭራ የነፋሱን፣ የእሹሩሩውን፣ የሚበቃውን ያህል እየቆረጥኩ እሰጣለሁ። ማንም ምንም አላለም። ነሐሴ ገባ።

በዚያ ሰሞን ጋሽ ቱሉ የሚባል የሻሸመኔ አውቶቡስ ሾፌር መጣ። ሰፊ ሰው ነው፤ በሩን ሲሞላው ቤቱ ይጨልማል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ? ደህና ነሽ፣ ልጄ? ለመኪናዬ ካሴት ቅጂልኝ። የሚያስተኛ እንዳይሆን፤ ከተኛሁ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ነው የምታገኙኝ።»

የሚያስጨፍሩትን ሁሉ ቀዳሁለት። ጭራው ላይ የተረፈው ጥቂት ነበር። ከለሜሳ የቤት ካሴት የመቂ መንገድ ዳሯን ሴት ዘፈን ጀመርኩ፤ ሙሉው እንደማይበቃ አውቄያለሁ፣ ሆኖም ከምንም ይሻላል አልኩ። ሴትየዋ ሾፌሩን ጠየቀችው፣ ክራሩ «ድን» አለ፣ ካሴቱ ቀጥ አለ።

ጋሽ ቱሉ የተመለሰው እንቁጣጣሽ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው። ብቻውን አልነበረም። ለሜሳን በክንዱ ይዞ፣ እስረኛ እንደሚያቀርብ ሰው እየገፋ አስገባው። እኔ መደርደሪያው ኋላ ለመድረስ ጊዜ አላገኘሁም።

«ከድር፣ ይቺ ልጅ ምን እንዳደረገችኝ ታውቃለህ?» አለ ጋሽ ቱሉ። «መኪናዬን ሸንጎ አደረገችው። ካሴቱ 'የት ላይ ነው ያየኸው' ይልና ያልቃል። ከዚያ ተሳፋሪው ይጀምራል። ግማሹ መጣ ይላል፣ ግማሹ ቀረ ይላል። አንዷ መቂ ላይ ወርዳ ቲማቲም ሻጭ ሁሉ ስትጠይቅ አስረፈደችኝ። ትናንት ደግሞ ይሄ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ 'ኧረ መጣ!' አይላቸውም?»

«እና ምን አሉት?» አለ ጋሽ ከድር።

«'አንተ ምን ታውቃለህ፣ አርፈህ ተቀመጥ' አሉት።»

ለሜሳ ሳቀ። ያለዚያ የሆቴል ሸሚዙ ተራ ሰው ነበር፤ ማንም እንዳልለየው ገባኝ። «እኔ ነኝ የዘፈንኩት ብላቸው አንዲት አሮጊት፣ 'ልጄ፣ የዘፈነው ሰው ያዘነ ነው፤ አንተ የጠገብክ ትመስላለህ' አለችኝ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ የቆረጥሽው?»

«ካሴቱ አልቆ ነው» አልኩ። ድምፄ ለእኔም በደንብ አልተሰማኝም።

«ከነዚያ ሁሉ ዘፈን ይቺን ለምን መረጥሽ?»

መሬት መሬት እያየሁ፣ «የጋሪ ቃጭል ያለበትን ነበር የምፈልገው፤ እሱ ግን ረጅም ነው» አልኩት።

ለጋሽ ከድር፣ «ቃጭሉን ሰምታዋለች» አለው። ጋሽ ከድር ካሴቷን ከታች አንሥቶ በሸሚዙ እጅጌ ጠረጋትና ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አስቀመጣት። «ሸንጎ ካስነሣች ትቆይ» አለ። ለሜሳ በዚያው በጋ ሁለተኛውን የቤት ካሴት ቀዳ። እኔ የሰማሁት ግን ለገና ስመጣ ነው፤ አንዱ ዘፈን ላይ አንዲት ሴት በኦሮምኛ ስትስቅ ይሰማል። ወለንጪቲ ሄዶ እናቱ ቤት የቀዳው ነው አሉኝ።

ሙሉውን የመቂ ዘፈን ሊያስቀዱ የመጡ ነበሩ፤ ብዙ ግን አልነበሩም። ሾፌሮቹ አንዱ ከሌላው፣ ሻሸመኔና ነገሌ ላይ፣ ካሴት ከካሴት እየገለበጡ ነበር የወሰዱት፣ ከነቁራጩ። ያ ዘመን ደግሞ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና እየተመለመለ የሚሄድበት ነበር። ልጇን በአውቶቡስ የሸኘች እናት በየመንደሩ ነበረች። እነሱ ዘንድ የደረሰው ጥያቄው ብቻ ነው፤ መልሱ እኛ ሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ቀረ። ይህን ያሰብኩት በኋላ፣ ከበሰልኩ በኋላ ነው። ጋሽ ከድር ሲያርፍ ቤቱ ተዘጋ። ለሜሳም ወደ ድሬዳዋ ሄደ ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አላገኘሁም። የሆቴሉ ዘፈኖቹ ዛሬም በየስልኩ አሉ። የቤቶቹን ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ።

ሚኒባሱ ከመቂ ሲነሣ ከአጠገቤ ያለችውን ሴት ጠየቅኋት።

«ይሄን ዘፈን ከየት አወቅሽው?»

«የእናቴ ነው፣ እትዬ። ስትፈትል ትለው ነበር። ታላቅ ወንድማችን ከዘመተ በኋላ ነው ያመጣችው።» ቲማቲሟን ማገላበጥ አልተወችም። «ልጅ ሆነን 'እማዬ፣ ግን ሰውየው መጣ?' እንላታለን። 'ነገ እነግራችኋለሁ' ትለናለች። ሳትነግረን ሞተች።»

«ወንድማችሁስ?»

ራሷን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ የቻልኩበት ነገር ነው። መልሱ ለእሷ ዘግይቷል፣ ምናልባትም ያሳምማታል ብዬ አመነታሁ። ነገር ግን የእሷ ነው፤ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ።

«መጣ» አልኳት።

«ማን?»

«ሰውየው። ዘፈኑ እዚያ ላይ አያልቅም። አንድ ቤት ግጥም ቀርቶታል።» ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ አልኩላት።

ሲመሽ ሰው ወረደ አቧራ የለበሰ፣
ቅርጫቷን አንሥቶ እንባዋን አበሰ።

ፌስታሉን አቅፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያስቀየምኳት መሰለኝ። ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የሚሉት፣ ስንደርስ ስልኳን አውጥታ ደወለች። «አንቺ፣ ያ የእማዬ ዘፈን የለም? መጣ እኮ። አዎ፣ ሰውየው። ቅርጫቷን ተሸከመላት።» ሰማች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ ስልኩን ወደኔ አዞረችው። «እህቴ ናት፣ እትዬ። አላመነችኝም። እባክዎ ከመጀመሪያው ይበሉላት።»

ሚኒባሱ ሙሉ ነበር። ረዳቱ ሬዲዮውን ቀነሰ። እኔ ሻሽ እያገላበጥኩ አጥር ኋላ የምሰማ፣ ከመደርደሪያ ኋላ የምደበቅ ሰው ነኝ፤ በሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። ለሜሳ ግን ያን ሁሉ ጩኸቱን ሆቴል ትቶ፣ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ቸንክሮ የዘፈነው ለአንዲት ወለንጪቲ ለተቀመጠች ሴት ነበር። ለአንድ ሰው መዝፈን ያን ያህል አይከብድም ይሆናል አልኩ።

ስልኩን ተቀብዬ ከመቂ መንገድ ዳር ጀመርኩ። «የት ላይ ነው ያየኸው» ላይ ስደርስ ሁለቱም እህቶች፣ አንዷ ከአጠገቤ፣ አንዷ ከስልኩ ውስጥ፣ እኩል «ድን» አሉ። ከዚያ እኔ ቀጠልኩ።