ምድር ቤትም ምድር ነው

የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ዋሻ አይወድም ነበር። የሚወደው መጋረጃና ማይክሮፎን ያለበት አዳራሽ ነው።

ያን ዓመት ሁለት ጠፍጣፋ ሳጥኖች በእርዳታ መጡልን። የኮስሚክ ጨረር ብናኝ ባለፈባቸው ቁጥር አንድ ብለው ይቆጥራሉ። አንዱ ጣራ ላይ፣ ሌላው ከመሬት በታች መቀመጥ ነበረበት። የላይኛው ያገኘውን ሁሉ ይቆጥራል፤ የታችኛው ዓለቱን ሰንጥቀው የሚያልፉትን ብቻ። ከህዋ የመጣው ቀላሉ የሃይድሮጅን አስኳል ይሁን ከባዱ የብረት፣ ፍንጩ የሚገኘው ሁለቱን በማነጻጸር ነው። በሁለት ሳጥን ይህን እፈታለሁ የምል ሞኝ አልነበርኩም፤ ተማሪዎቼ መንገዱን እንዲያዩ ነበር ምኞቴ።

ከድሬ ወጣ ብላ ባለችው ሐርላ፣ ኮረብታ ሥር፣ አንዲት ባልቴት ፍየሎቻቸውን ከፀሐይ የሚያስጠልሉበት ዋሻ አገኘሁ። «አስገቢው፣ ኢንተላ፣ ልጄ፤ ፍየሎቹ አይቀኑም» አሉኝ እየሳቁ።

ኃላፊው አንዴ መጥቶ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ተመለሰ።

«እንግዶችን በፍየል በጠጥ ላይ ላራምድ ነው?»

«ዶክተር፣ ጨረሩ ለእንግዳ ብሎ አይወርድም እኮ።»

«ሳጥኑ ታች ዕቃ ክፍል ይገባል። ምድር ቤትም ምድር ነው!»

ዶክተር የተባለ ሰው! የድሬ ፀሐይ በመስኮት ዘልቃ የምትገባበትን ክፍል ከመሬት በታች አለው። በመሣሪያዎቹ ምረቃ ቀን በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ «ሁለቱ መሣሪያዎች ተቀራራቢ ውጤት ማሳየታቸው የሥራችንን ጥራት ይመሰክራል» አለ። አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ቀን ከእሱ ይልቅ ራሴን ናቅሁ።

ባልቴቷ ቀፊራ ለገበያ በመጡበት ቀን «ምነው ጠፋሽ?» ብለው ግቢ ድረስ መጡ። ዕቃ ክፍሉን አሳየኋቸው፤ የተባለውንም ነገርኳቸው። መስኮቱን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ።

«ሁለቱም እኩል የሚሉ ከሆነ፣ ሁለት ምን ያደርጋል?»

ከአዳራሽ ሙሉ ምሁር ያልወጣ ጥያቄ!

በነጋታው ሳጥኑን ከባትሪው ጋር ባጃጅ ላይ ጭኜ ሐርላ ሄድኩ። ባልቴቷ ፍየሎቹን ወደ ጥግ ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ቁጥሩ ወዲያው አሽቆለቆለ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ኮረብታው ጨረሩን ሲያጠራልኝ በዓይኔ እያየሁ ነበር።

አዲሱን ቁጥር ለትምህርት ክፍሉ ባስገባሁ ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «በመምህርቷ ቸልተኝነት መሣሪያው የመቁጠር አቅሙን አጥቷል።» ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ስለ ዓለቱ ላስረዳ ስጀምር ኃላፊው አቋረጠኝ።

«በፊት ብዙ ይቆጥር ነበር፤ አሁን ትንሽ። ይህ ካልተበላሸ ምን ሆነ ይባላል?»

ሦስቱ የኮሚቴ አባላት፣ ሦስቱም የፊዚክስ ሰዎች፣ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። እሱ ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወረ፤ እዚያም የሚቆረጥ ሪባን አይጠፋም። ሳጥኑን መልሺ ያለኝ ግን የለም፤ ለተበላሸ ዕቃ ማን ይጨነቃል?

ስለዚህ ተማሪዎቼን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐርላ መውሰድ ጀመርኩ። የጣራውን ቁጥር ጠዋት ይጽፋሉ፣ የዋሻውን ቀትር ላይ። ለምን እንደሚለያይ አልነገርኳቸውም። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዲት ተማሪ እጇን ዓለቱ ላይ አሳርፋ፣ «መምህርት፣ ደካሞቹን ያስቀረው ይሄ ነው አይደል?» አለችኝ።