የረጠበ ደጅ

ኮሮና የላስ ቬጋስን ካዚኖዎች ካዘጋ ወር አልፎታል። እኔ ግን ሺፍቴ በሚገባበት ሰዓት ዩኒፎርሜን እተኩሳለሁ። ውሃ ረጨት አድርጌ ካውያውን ሳሳርፍበት የሚነሳው ሽታ የምጽዋ ነው፤ የጋለ ድንጋይ ውሃ ሲነካው የሚሸተው።

ያሳደጉኝ አክስቴ፣ እትዬ አበራሽ፣ በአሮጌው የወደብ ሰፈር መጠጥ ቤት ነበራቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለመጠጥ ቤቶቹ ሁሉ ደጃቸው ላይ ውሃ ይረጫሉ። ድንጋዩ በረድ ሲል ወንበር ይወጣል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ መርከበኛው ይጎርፋል። ጦርነቱ ቀርቦ መርከብ ሲጠፋ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ዘጉ። እትዬ ግን በቦቴ የሚመጣው የመጠጥ ውሃ እንኳ ሲያጥር መርጨታቸውን አልተዉም።

«እትዬ፣ እኛ የምንጠጣው ሳይኖር ለማን ነው የሚረጩት?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ጉሮሮዬ ደርቆ።

«ደጁ አንድ ቀን ከደረቀ ሰው ተዘግቷል ብሎ ያልፋል» አሉኝ።

የመጡት ግን እርጥቡን ድንጋይ የሚልሱ ፍየሎች ብቻ ነበሩ።

«እማዬ» አለችኝ ልጄ አሁን፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ከካዚኖው ኮል አላደረጉልሽም እኮ። ለማን ነው የምትተኩሺው?»

የእትዬን መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ፍየሎቹ ትዝ አሉኝ።

«ኮሌታው ተጨማዷል» አልኳትና ውሃ ጨመርኩበት።