የጥላህ ሰዎች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ እናቴ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረጌን ነግሬያቸዋለሁ፤ ለአንድ ተማሪ አዝኜ ያላገኘውን ነጥብ መስጠቴን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ምላሴ ሥር ይዤው ኖሬአለሁ። አባ ቢሰሙት ምናልባት ፈገግ ይሉ ነበር። የአንድ መጽሐፍ አንድ ቃል መቀየር ምን ኃጢአት አለው፣ ልጄ፣ ይሉኝ ነበር። እኔም ቀልሎኝ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እንዲቀልለኝ ስላልፈለግኩ ነው ያልነገርኳቸው ብል ደግሞ መዋሸቴ ነው። አፍሬ ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ ልናዘዝ፣ አንባቢ። እርስዎ ስግደት አዝዘው አይሸኙኝም።

የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ለቡ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጋሽ ዳና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ከደቡብ ደጋ የመጡ፣ ጌታን የተቀበሉ፣ እሑድ ከጉባኤ የማይቀሩ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ላይ እርሳስ ያሳረፈ ተማሪ ወላጅ ሳያመጣ አይገባም። «መጽሐፍ ግድግዳ አይደለም» ይሉታል። አንድ ልማድም ነበራቸው። ምንም ነገር ቢያነቡላቸው፣ የጋዜጣ ቁራጭም ቢሆን፣ ከመስማታቸው በፊት «ማነው የጻፈው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጸሐፊው ያልታወቀ ወሬ ጆሯቸው አይገባም።

አንድ ቀን ስለ መስቀል ጦርነት ላስተምር ስዘጋጅ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አሳየኋቸው። የመስቀል ጦረኞቹ የዘመቱት ወደ ኢየሩሳሌም ብቻ አልነበረም። ወደ ሰሜንም፣ ወደ ባልቲክ ባሕር ዳርቻ ሄደው ፕሩሲያ በሚባል አገር ያሉ ገበሬዎችን በሰይፍ አስፈራርተው አጥምቀዋል፤ የሚሳሉለትን የባሉጥ ዛፍ ቆርጠው ጥለዋል። አንቀጹ ይኸው ነው፤ ከዚህ አያልፍም። ጋሽ ዳና ሁለቴ አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ከዚያ ነገሩኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው የመንደሩን ትልቅ ዝግባ በምሳር ሲጥሉ አይተዋል። አባታቸው አዲስ አማኝ ነበሩ። ዝግባው ሥር እየቆመ ለመንደሩ ዝናብ የሚለምነው ሰው ደግሞ የአባታቸው አባት፣ አያታቸው ናቸው። አያትየው ልጃቸውን አልያዙም፣ አልረገሙም። ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ ዛፉ እስኪወድቅ ጸለዩ። ጋሽ ዳና ያንን ጸሎት ከነቃሉ ያስታውሱታል።

ልብ ወለዱን አብረን የጀመርነው በዚያው ሳምንት ነው። እሳቸው የመንደሩን ሰዎች ይጽፋሉ፣ እኔ ጦረኞቹን እጽፋለሁ፤ አንድ ምዕራፍ እሳቸው፣ አንድ ምዕራፍ እኔ። እሳቸው በደብተር ላይ በእጃቸው፣ የቤተ መጻሕፍቱን የመጽሐፍ ካርዶች በሚሞሉበት በዚያ ቀጥ ባለ የካርድ ጽሕፈታቸው ይጽፉና ይሰጡኛል፤ እኔ የሁለታችንንም ኮምፒውተር ላይ እተይባለሁ። በምሳ ሰዓት እንከራከራለን። ለፕሩሲያ ገበሬዎች ገብስ ሲዘሩላቸው፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ አልኳቸው። ገብስ የሌለበት ደጋ የት አይተሽ ታውቂያለሽ አሉኝ። በረዶ መሬት ላይ ሲከርም ሁለታችንም በዓይናችን አይተን አናውቅም፤ እሳቸው ግን የአገራቸውን ውርጭ አስታውሰው ጻፉት፤ ሳነበው እጄ በረደኝ። ከእኔ ይበልጡ ነበር። ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያስቸገረን የገበሬዎቹ ስም ነው። መጽሐፍ ውስጥ አሕዛብ አለ፣ ጣዖት አምላኪ አለ፤ አፋችን ላይ የሚቀድመው ግን አረመኔ ነው። እኛ ያላመነውንም ሰው፣ ጨካኙንም ሰው በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። ጋሽ ዳና ይህን ቃል በእሳቸው ምዕራፍ ውስጥ አላስገባም አሉ።

«እኔ ዛፉን አላመልክም፣ ልጄ። አያቴን ግን አረመኔ አልላቸውም።»

ጦረኞቹ እንዳሻቸው ይጥሯቸው፣ ጠላት የሚጠራው እንደ አፉ ነው፣ አሉ። የእሳቸው ገበሬዎች ግን «የዛፉ ሰዎች» ተባሉ። ጸሎቱ በመጣ ጊዜ ከአገራቸው ቋንቋ ራሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው፣ ለአንድ የፕሩሲያ ሽማግሌ ሰጡት። እንዲህ ይላል፦

«እኛ የጥላህ ሰዎች፣ ሥርህ የተወለድን፣ ሥርህ የምንቀበር፣ ዝናብ ስትቀበል ለእኛም አካፍለን። የሚቆርጥህ ልጃችን ቢሆንም እጁን አታድርቅበት።»

መጽሐፉ አልቆ አሳታሚ ሲገኝ ስማቸው ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም። ጉባኤው ዳና ወደ ዛፍ ተመለሰ ብሎ ያማኛል አሉ። እኔ ለመንኳቸው፤ ከልቤ መለመኔን ግን አሁን እጠራጠራለሁ። ድካማቸውን ሁሉ ትተውልኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ጸሎቷን እንዳለች ተዪልኝ። የአያቴ ናት።» እሺ አልኩ። በእመቤቴ ስም እሺ አልኩ።

የአሳታሚው አርታኢ ረቂቁን አንብቦ ለገበሬዎቹ አንድ ስም ይበቃል፣ አንባቢ ግራ ይጋባል አለኝ። የዛፉ ሰዎች የሚለው አይገባውም፤ አረመኔዎች በይ። እኔ አልተከራከርኩም። ለጋሽ ዳናም አልነገርኩም። ኮምፒውተሩን «የዛፉ ሰዎች» የሚለውን ሁሉ ፈልገህ «አረመኔዎች» በል ብዬ አዘዝኩት፤ በአንድ ጠቅታ አለቀ። ሙሉ በሙሉ ግን አላለቀም። አማርኛ እንዲህ በቀላሉ አይገዛም። «ለዛፉ ሰዎች»፣ «በዛፉ ሰዎች» የሚለውን ኮምፒውተሩ አላወቀውም። እነዚያን እያሳደድኩ አንድ በአንድ በእጄ ቀየርኩ።

አሁን ኃጢአቴ ጋ ደረስኩ፤ እባክዎ ልብ ብለው ይስሙኝ። ጸሎቱ ውስጥ «የዛፉ ሰዎች» የሚል ቃል የለም። «የጥላህ ሰዎች» ነው የሚለው። አርታኢው ስለ ጸሎቱ ያለኝ ነገር አልነበረም፤ ኮምፒውተሩም ጸሎቱን አልነካውም፣ ሊነካውም አይችልም። እኔ ነኝ የቀየርኩት። በእነዚህ ጣቶቼ አጥፍቼ «እኛ አረመኔዎች» ብዬ ጻፍኩበት።

ለምን? ከዚያ በሚቀጥለው የእኔ ምዕራፍ አንድ ሽማግሌ ጦረኛ አለ፤ ጸሎቱን በአስተርጓሚ ይሰማና ሰይፉን ጥሎ ያለቅሳል። እንባው አልመጣልኝም ነበር። ብጽፈው ብሰርዘው ጦረኛዬ አላለቅስ አለኝ። ገበሬዎቹ ራሳቸውን አረመኔዎች ብለው ሲጠሩ ቢሰማ ግን ልቡ ይሰበራል ብዬ አሰብኩ። ሞከርኩት። አማረልኝ! ቁጭ ብዬ አደነቅኩት። ለአንድ በጭንቅላቴ ለፈጠርኩት ፈረንጅ እንባ ብዬ፣ በእውነት የኖሩ ሰው፣ የጋሽ ዳና አያት፣ ዛፋቸው እየወደቀ ራሳቸውን እንዲሰድቡ አደረግኩ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የመጨረሻዋ ምሳር የእኔ ነበረች።

ለእርማት የታተመው ገጽ ሲመጣልኝም አየሁት። ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ነበር። ከዚያው መስመር ላይ የጎደለ አራት ነጥብ አስገብቼ ገጹን ገለጥኩ።

የመጽሐፉ ምረቃ የተደረገው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ፣ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጋሽ ዳና ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ልጃቸው ሳሮን አለች። መንገድ ላይ ዛሬ የቅድመ አያትሽን ጸሎት ትሰሚያለሽ ብለዋት እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። የመድረኩ መሪ ጸሎቱን እንዳነብ ጠየቀኝ። ያኔም ጊዜ ነበረኝ። መጽሐፉ ምንም ይበል፣ አፌ የራሴ ነው። «የጥላህ ሰዎች» ብዬ ማንበብ አቅቶኝ ነው? መጽሐፉን የገዙት ሰዎች በዓይናቸው እየተከተሉኝ ስለነበር፣ አነባበብሽ ተሳሳተ እንዳይሉኝ ፈራሁ። የፈራሁት ያንን ነው። እስቲ ይዩ የምፈራውን ነገር።

«እኛ አረመኔዎች» ስል ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ራሱን አረመኔ ብሎ ወደ አምላኩ ሲቀርብ ለሰሚው ያስቃል። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ማንበቤን አላቆምኩም። «የሚቆርጥህ ልጃችን ቢሆንም» የሚለው በሳቅ መሃል አለፈ፤ ማንም አልሰማው። ሳሮን አባቷን አየች። ጋሽ ዳና ባርኔጣቸውን ያያሉ።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቁኝ። አልተቆጡም፤ ምን ሆኖ ነው ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እኔም ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ። አሳታሚዎቹ ናቸው፣ በኮምፒውተር ሲያርሙ ተሳስተው ነው፣ እኔም ገና ዛሬ ነው ያየሁት፣ አልኳቸው። ጋሽ ዳና ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። አመኑኝ። ባርኔጣቸውን አደረጉና፣

«አራሚዎቹ ከአረሙ ጋር ሰውየውንም ነቀሉታ» አሉ። ከዚያ ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ። አይዞሽ፣ ልጄ።»

አይዞሽ አሉኝ! ይህን ቃል ስንቴ አልጋዬ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ቢሰድቡኝ፣ መጽሐፉን ቢወረውሩብኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ደግሞ ውሸቴን አሳደግኩት። መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ የኮምፒውተር ስህተት ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት እንደ ቀልድ አወራሁት። አሳቅኩበት። ለሁለተኛ ጊዜ አሳቅኩባቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ የእኛን መጽሐፍ አወጣሁ። ጸሎቱ ያለበት ገጽ ላይ «አረመኔዎች» የሚለው በማስመሪያ ቀጥ ተደርጎ ተሰርዟል፤ ከበላዩ በዚያ የካርድ ጽሕፈት «የጥላህ ሰዎች» ተብሏል። በእርሳስ አይደለም፣ በእስክሪብቶ። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሁሉ ገለጥኩ፤ ሁሉም ላይ አለ። መጽሐፍ ግድግዳ አይደለም የሚሉት ሰው፣ ተማሪ ሲያልፍ እየደበቁ፣ እንደ ባለጌ ልጅ መጽሐፍ ላይ ጽፈዋል። በእሳቸው ምዕራፎች ውስጥ የቀየርኩትን ሌላውን ሁሉ አልነኩትም። የለመኑኝ ጸሎቷን ብቻ ነበር፤ ያረሙትም እሷን ብቻ።

ዛሬ ጋሽ ዳና ሀና ማርያም ከሳሮን ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው በግላኮማ ጠፍቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እሄድና አነብላቸዋለሁ፤ መዝሙረ ዳዊት፣ ጋዜጣ፣ ያገኘሁትን። ጎረቤቶቻቸው እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት አሳታሚው መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው፣ የሚታረም ካለ ላኪ አለኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብነግርዎ አያምኑኝም። እጄን ፈልገው ያዙና፣

«ይኸው፣ አሁን ያርሙልናል። አንቺም ከልብሽ ይቅር በያቸው፤ ሰው ይሳሳታል» አሉኝ።

ይቅር በያቸው። ማንን? እኔን እንድምር እኔን ለመኑኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል።

ቃሉን ትናንት አስተካክዬ ልኬዋለሁ። ደቂቃ አልፈጀም። ያንን ልኬ ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ጋሽ ዳናም አሳታሚዎቹን መርቀው ይሞታሉ። ይህን ጽሑፍ ለሳሮን ሰጥቼ እሷ ታንብብላቸው ብዬም አስቤ ነበር። ፈሪ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያነበብኩት በገዛ አፌ ነው፤ ይህንንም በዚያው አፌ ማንበብ አለብኝ። በመጨረሻ እጁን አታድርቅበት የሚለው ጸሎት ለእኔም ይድረሰኝ ብዬ አልለምንም። አያትየው ያንን የለመኑት ለልጃቸው ነው፤ ልጃቸው የቆረጠው አምኖ ነበር። እኔ የቆረጥኩት ስላማረልኝ ነው።

ቅዳሜ ይህንኑ ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። አጠገባቸው እቀመጥና ላንብብልዎ እላቸዋለሁ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ወደ እኔ ከመመለሳቸው በፊት፣ ማነው የጻፈው ይሉኛል።

እኔ ነኝ፣ ጋሽ ዳና። ያኛውንም ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።