ሳልታዘዝ ያገናኘሁት መስመር

የመጀመሪያ ቀን የተቀጠርኩት ልብስ የምተኩስ መስሎኝ ነው። ቢቸና፣ እቤታችን ጓዳ ውስጥ፣ የልጅ ልጄ መቅደስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በእጇ ትሠራለች። አለቃዬ እሷ ናት። እርስዎ እያለች ታዘኛለች፤ እንዲህ ያለ አለቃ የት ይገኛል?

«እማማ፣ ካውያውን ይያዙልኝ» አለችኝ።

«የማን ቀሚስ ነው?»

«ቀሚስ አይደለም፣ መዳብ ነው።»

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ካውያ ግን አውቃለሁ። መቅደስ በኮምፒውተሯ የሳለችው የኤሌክትሪክ መስመር የታተመበትን ወረቀት መዳብ በተለበጠው ሰሌዳ ላይ በፊቱ ደፍቼ፣ ሳላንሸራትት በጋለው ካውያ እጫናለሁ። ውሃ ውስጥ ሲርስ ወረቀቱን በአውራ ጣቴ እልጣለሁ፤ ጥቁሩ መስመር መዳቡ ላይ ይቀራል። የተቆረጠ ካለ በማርከር እቀጥላለሁ። ከዚያ መቅደስ ጓንቷን አጥልቃ አሲድ ውስጥ ትነክረዋለች። አሲዱ ቀለም ያልሸፈነውን መዳብ ይበላል፤ ቀለም ያለበትን አይነካም፣ ጾም እንደሚያውቅ ሰው።

አንድ ጠዋት ዘይነባ የምትባል ዶሮ አርቢ ከሞጣ መጣች። የጫጩት ማስፈልፈያዋ ሰሌዳ ተቃጥሎባታል።

«እንቁላሎቹን በጋቢ ጠቅልዬ ነው የመጣሁ። ዛሬ ካልሞቃቸው ይሞቱብኛል» አለች።

ቸኮልን። ወረቀቱን ስልጥ ሁለት መስመሮች ተቀራርበው፣ ሳይነካኩ ቆመዋል። እኔ ዕድሜ ልኬን ጥልፍ ጠላፊ ነኝ፤ ክፍት የቀረ ክር ነውር ነው። ማንንም ሳልጠይቅ በማርከር ገጠምኳቸው። ደስም አለኝ።

መቅደስ አሲድ ውስጥ ነክራ፣ ቀዳዳውን በስታ፣ ዕቃዎቹን በየደች። ኤሌክትሪክ ሳትሰጠው በፊት መስመር ከመስመር ሲገናኝ በሚጮኸው ቴስተር ስትነካው ጢጥ አለ።

«እዚህ ጋ መጮህ የለበትም። ስዕሌ ነው የተሳሳተው፤ እንደ አዲስ ልጀምር» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ዘይነባ ሰዓቷን አየች።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«ስዕልሽ ደኅና ነው» አልኳት። «እኔ ነኝ። ክፍት ሆኖ ባየው አፈርኩልሽ።»

መቅደስ ራሷን ያዘች። «እማማ! ሆን ብዬ እኮ ነው የለያየኋቸው! እንዲህ ቢሰካ ማሞቂያው አይጠፋም ነበር።»

«እትዬ፣ እንቁላሌን ቀቅለው ሊሰጡኝ ነበር?» አለች ዘይነባ።

«ጨው ይዘሻል?» አልኳት።

መቅደስ ሁለቱን መስመሮች ያገናኘውን መዳብ በምላጭ ፋቀችው። ቴስተሩ ዝም አለ። ዘይነባ ሰሌዳውን በፎጣ ጠቅልላ ሮጠች።

ከቀናት በኋላ ደወለች። ስልኩ ውስጥ የጫጩት ጩኸት ነበር።

«አንዷ የማያገባት ውስጥ እየገባች አስቸገረችኝ» አለች። «ስሟን እትዬ ብያታለሁ።»

ካውያው ዛሬም በእጄ ነው። ማርከሩን ሳነሳ ግን መጀመሪያ እጠይቃለሁ። ጠይቄም እሳሳታለሁ፤ ቶሎ የተናገሩት ስህተት በምላጭ ይነሳል።