በአባቴ ኮምፒውተር ላይ ካልተከፈተ

ጎጃም በረንዳ ወደሚገኘው የአባቴ መደብር ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ሶፍት መያዝ አልረሳም ነበር። አባቴ የሚሸጠው ሸራ፣ ገመድና ባዶ ማዳበሪያ ነው፤ ጎረቤቱ ግን ቅቤ ነጋዴ ነው። ቅቤ የነካ እጅ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የአባቴ ኪቦርድ ላይ ያርፋል። ቁልፎቹ ጠቁረዋል፤ ጣት ይዘው አይለቁም፤ በመሃላቸው የማዳበሪያ ክርና የሞተ ዝንብ ተሰግስጓል። ይቀፈኛል። ከውጪው ይልቅ የሚያንገሸግሸኝ ግን ውስጡ ነበር። እዚያ ውስጥ፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ጥለውት የሄዱት ያረጀ ብሮውዘር ተቀምጧል።

ሥራዬ ዌብሳይት መሥራት ነው። አባቴ ግን ይህንን ሥራ ብሎ ቆጥሮት አያውቅም። ብቸኛ ልጁ ስለሆንኩ መደብሩን እንድረከበው ነበር የሚፈልገው። አንድ ቀን ስንጨቃጨቅ ውለን በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ “እሺ፣ ሥራ ነው ካልሽ በሥራ አሳዪኝ። የክፍለ ሀገር ደንበኞቼ ዕቃውን አይተው የሚያዙበት ነገር ሥሪልኝ። እዚህ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ካየሁት ሁለተኛ አልጨቀጭቅሽም። ካልተከፈተ ግን ከጥምቀት በኋላ መጥተሽ መደብሩን ትረከቢኛለሽ።” በአባቴ ቃል ቀልድ የለም።

ሠራሁለት። አምሮልኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ሸራዎቹ በየቀለማቸው ተደርድረው፣ ነካ ሲያደርጓቸው ልካቸው እየወጣ፣ ማዘዣው ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። መደብር ወስጄ በሱ ኮምፒውተር ስከፍተው ፎቶዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተው ተከመሩ። ማዘዣው የት እንደገባ አላውቅም። አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለና “ሳጥን መሸጥ የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?” አለኝ። የቅቤ ነጋዴው ሳቅ እስከ ጭድ ተራ ሳይሰማ አይቀርም።

አዲስ ብሮውዘር ጫንኩበት። ተከፈተ፣ አማረ፣ እፎይ ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። “ሳጥኖቹ ተመልሰዋል” አለኝ አባቴ። ሄጄ አየሁ፤ የጫንኩት ብሮውዘር የለም፤ አሮጌው እንደ ልማዱ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ደግሜ ጫንኩ። በማግስቱ ያው። ኮምፒውተሩን በአፍ ጢሙ ልደፋው ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ፕሮግራሞቹን የጫነለትን ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

ሰውየው አንድ ፍላሽ ኪሱ ይዞ የሚዞር ባለሙያ ነው። የበረንዳው ኮምፒውተር ሁሉ ከዚያች ፍላሽ ነው የሚጫነው። የክፍለ ሀገር ነጋዴዎችም ዕቃ ሊጭኑ መርካቶ ሲመጡ ኮምፒውተራቸውን ይዘው መጥተው ለሱ ይሰጡታል።

“ፍሪዝ አድርጌው ነዋ!” አለኝ፣ ኩራት ባለው ድምፅ። “ከዕቃ መዝገቡ በቀር፣ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ቫይረስ የለ፣ ምን የለ!”

“ታዲያ አፕዴቱስ?”

“እህቴ፣ አፕዴት ከፈትሽላቸው ማለት እኮ የኢንተርኔት ጥቅላቸውን በአንድ ጀንበር ቅርጥፍ አድርጎ ይበላዋል። ከዛ ማን ይሰደባል? እኔ!”

“እሺ፣ የአባቴን ብቻ ፍታልኝ።”

አንገቱን አከከ። “ፓስወርዱን ያወጣው ሸሪኬ ነው። ተጣልተን ተለያየን። አሁን ብሞት አልደውልለትም።”

ሁለት ሰዎች ስለተኳረፉ በረንዳው በሙሉ ባለፈው ዘመን ውስጥ ተቆልፎበታል ማለት ነው። እንደ አዲስ ይጫን ብል የአባቴ የዕቃ መዝገብ አብሮ ሊጠፋ ነው። “አዲስ ልግዛልህ፣ አባዬ” አልኩት። ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አየውና “ይሄ ምን ሆነ? ይበራል አይደል?” አለኝ። ደግሞስ የሱን ብለውጥ፣ ሸራ የሚያዙት ደንበኞቹስ? እነሱ ጋ ያለው ያው የፍላሿ ልጅ ነው።

ስለዚህ የሠራሁትን ማፍረስ ጀመርኩ። እንደዚያ የተጸየፍኩት ሥራ የለም። ፎቶዎቹን አሳነስኩ፣ ቀለሙን አጠፋሁ፣ ሁሉን በሠንጠረዥ ከፋፈልኩት። ሳጥን የሚሆነውን አማርኛ እያንዳንዱን ቃል በሥዕል እየለወጥኩ ለጠፍኩ፤ “ሸራ” ሥዕል፣ “ገመድ” ሥዕል፣ “ይዘዙ” ሥዕል። አንዱን ሳቃና ሌላው ይጣመማል፤ ውሃ ወቀጣ ነው። በዚህ ዘመን ማንም የማይሠራውን፣ አስተማሪዎቼ ለመሳቂያ ያሳዩን የነበረውን ሁሉ በገዛ እጄ ሠራሁት። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተረሳ የቀበሌ ማስታወቂያ መሰለ። ላፕቶፔን ስዘጋ እጄን መታጠብ አማረኝ።

ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው መደብር ሄድኩ። አባቴ ራሱ ከፈተው። ገጹ ቦታው ላይ ቁጭ አለ፤ አልፈረሰም። ሸራ የሚለውን ተጫነ፤ ሸራዎቹ መጡ። ይዘዙ የሚለውን ተጫነ፤ ትእዛዙ ገባ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራውና እንደገና ከፈተው። አሁንም ቁጭ አለ። ወዲያው “ኑ እዩልኝ! ልጄ ናት የሠራችው!” እያለ የቅቤ ነጋዴውን ጠራ፣ ከፊት ለፊት ያሉትን ጠራ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰዎቹ ሲበተኑ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ፈለገና “ስምሽ የታለ?” አለኝ።

“የምን ስም?”

“የሠሪዋ ነዋ።”

“እንዲህ ያለ ነገር ላይ ስሜን አልጽፍም። ያስጠላል፣ አባዬ። አታየውም እንዴ?”

ስክሪኑን እንደገና አየው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

“እኔ ማዳበሪያ ነው የምሸጠው” አለኝ። “ስለሚያምር አይደለም። ግን በሩ ላይ ስሜ አለ። ጻፊው። የኔንም ከኋላው።”

ላፕቶፔን ከፍቼ ስሜን እንደ ሌሎቹ ቃላት በሥዕል ጻፍኩ፤ የሱንም አስከተልኩ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስደግፎ ሁለቱን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበው።

“በይ እንግዲህ” አለኝ ፊቱን ወደ ሸራዎቹ አዙሮ፤ “መደብሩን የወንድሜ ልጅ እንዲይዘው እነግረዋለሁ።”

የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ግን ከመሄድ ይልቅ ሶፍቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመርኩ።