ዘይት በጄሪካን የገዛን ሰሞን

ቦንጋ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ቦንቦሊኖ ጠብሳ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምትሸጥ ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ዘይት የምትገዛው በየጠዋቱ፣ ከሰፈር ሱቅ፣ በትንሽ ፌስታል ነበር። የዛሬውን ሸጣ የነገውን ትገዛለች።

አንድ ቅዳሜ ዋናው መንገድ ላይ የቅናሽ ሱቅ ተከፈተ። ድምፅ ማጉያው «ታላቅ ቅናሽ!» እያለ ከተማውን ሲያናውጥ እትዬ እጇ ሊጥ እንደሆነ በሬን ደበደበች።

«ተነሽ እንጂ! ዘይት በነጻ ሊያድሉ ነው መሰለኝ!»

እየሮጥን ሄድን። ሰዉ ለጉድ ነው። ተጋፍተን ገብተን አራት አራት ትንንሽ ጠርሙስ ይዘን ወጣን። የእያንዳንዷ ጠርሙስ ዋጋ ከሰፈራችን ፌስታል ያንሳል። እትዬ እስከ ቤት ድረስ ስታንጎራጉር ነበር።

ቤት ደርሳ አራቱንም ወደ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ገለበጠቻቸው። ጠብታው ሁሉ አልቆ ፕላስቲኩ አልሞላም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ አንዷ ሩብ ሊትር እንኳ አትሞላም። በስልኬ አሰላሁ። ዋጋው በሊትር ሲታሰብ፣ እዚያው ሱቅ ደጃፍ ከተደረደረው ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ሰማንያ ብር ያህል ይበልጣል።

«ታዲያ ቅናሹ ለማን ነው?» አለች።

«ጄሪካን መግዛት ለሚችል ነዋ።»

«ብር ያለው በርካሽ፣ ብር የሌለው በውድ?»

በስልክ ብድር አለ አልኳት። አብረን ከፍተን አየነው። የአገልግሎት ተብሎ የሚቆረጠው ገና ብሩ እጇ ሳይገባ ነው።

«ሳልነካው ይቀነሳል? ዝጊው፣ ዝጊው!» ብላ ስልኩን ከእጄ ልትነጥቀኝ ምንም አልቀራት።

በማግስቱ እሁድ የግቢው ሴቶች እቁብ ነበር። ዕጣው ሳይወጣ እትዬ ከባዶዎቹ ጠርሙሶች አንዷን ይዛ ብድግ አለችና ሂሳቡን አስረዳች። «የዛሬውን ማንም አይውሰደው። ጄሪካን ዘይት ገዝተን እንካፈልበት፤ ዕጣው በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥል።» ሴቶቹ ተንጫጩ። የእቁቡ ሰብሳቢ ከቢታ ገነት የመጡ ቆፍጣና እናት ናቸው፤ ጠርሙሷን ተቀብለው አገላብጠው አዩና «እኔም እኮ ስገዛ የኖርኩት ይችኑ ነው!» ብለው ሳቁ። በዚያው ተወሰነ።

ሰኞ ጄሪካኑን ባጃጅ ውስጥ በጉልበታችን መሃል አቅፈን ዳገቱን ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጎማው ጭቃው ላይ ይንሸራተታል፣ እኛ ደግሞ እንደ ሙሽራ አጃቢ እልል እንላለን። ሹፌሩ «ሰርግ ነው እንዴ?» አለን። «ከሰርግም ይበልጣል!» አለችው እትዬ። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ጠርሙሳቸውን ይዘው ተሰልፈው ጠበቁን። አንዷ የውሃ ፕላስቲክ አንገት ቆርጣ በየጠርሙሱ አፍ ላይ እንደ ማፍሰሻ ደፋችው፤ ዘይቱ ሳይፈስ ለሁሉም ደረሰ።

በዚያ ሳምንት እትዬ ከሽያጭ ስትመለስ ብሯን አልጋዬ ላይ ዘረገፈችው።

«ቁጠሪልኝ፤ ከወትሮው በዛብኝ፣ እኔ የተሳሳትኩ መሰለኝ። የሰው ብር ይዤ መጥቼ እንዳይሆን!»

ቆጠርኩት። የራሷ ነበር። ደግማ አስቆጠረችኝ፤ አሁንም የራሷ ነበር። ያን ጊዜ አቅፋ ሳመችኝና «በሚቀጥለው ደግሞ ዱቄት፣ በኩንታል!» አለች። ዱቄት ሺሺንዳ ገበያ ይረክሳል የሚባለውን ለማጣራት ነገውኑ በመጀመሪያው መኪና እንሄዳለን ብላ ጎኔ ቁጭ አለች፤ እኔም መቀሴን አስቀምጬ ለጉዞው ማቀድ ጀመርኩ።